መክደኑን ለእኛ ተዉት

በክፍሉ በር ላይ «የክፍት ምንጭ ክበብ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ሲቀቡ የተረፈ ሰማያዊ ነበር። ብሩሽ ስላልነበረን በእንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ጻፍሁት፤ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጋደሙ። ከተማሪዎቼ አንዱ አየና፣ «ቲቸር፣ ነፋስ የጣለው ገብስ አስመሰሉት እኮ» አለኝ። ሳቅን። ደባርቅ ላይ ነፋስ የማይጥለው ነገር የለም።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እዚህ የመጣሁት ፊዚክስ ላስተምር ነው። ጥቂት ቆይቼ ወደ ሀገሬ ለመዛወር አስቤ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ አለፈ ሲባል መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ደግሞ ስልኩ ጠፋ። አላህ ያለው ይሆናል እያልሁ ቆየሁ። እናቴን በድምፅ ብቻ የማውቃት ሆንሁ፤ ድምፅም ሲገኝ።

የተከራየሁበት ግቢ ቧንቧ አለው። ውሃው ግን እንደ ሹም ነው፤ የሚመጣበትን ቀን አይናገርም፣ ሲመጣ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይቀበለዋል። ልጆች ሳለን አባቴ ወንዝ ዳር አስቀምጦ ውዱእ ሲያስተምረን፣ ወንዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ በእፍኝ ብቻ ታጠቡ ይለን ነበር። «ውሃው ያንቺ አይደለም፤ ከኋላሽ ሌላ ሰው አለ» ይለኝ ነበር። ያ ልማድ እዚህ ጠቀመኝ። በአንዲት ጣሳ ታጥቤ ለሶላት እቆማለሁ።

የሚራመደውን ሮቦት ያገኘሁት ኢንተርኔት ተለቆ በነበረበት ሰሞን ነው። በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች አራት እግር ያለው ትንሽ ማሽን ሠርተው፣ ንድፉን፣ የሽቦውን አቀጣጠል፣ የሚያዝዘውንም ፕሮግራም ሁሉ ማንም እንዲወስደው በነጻ ለቀውት ነበር። ኢንተርኔቱ ተመልሶ ሳይጠፋ ሁሉንም በስልኬ ላይ አወረድሁት። እንዲህ ያለውን ሥራ የኮምፒውተር ሰዎች ክፍት ምንጭ ይሉታል። ተማሪዎቼ ከጦርነቱ ወዲህ ፊታቸው ሁሉ የተዘጋ በር መስሎ ነበር። ስለ ጉልበትና ስለ እንቅስቃሴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ይገለብጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ በእጃቸው ሠርተው፣ ቆሞ ሲሄድ የሚያዩት ነገር ቢኖር ብዬ አሰብሁ።

«ምንጭ ባለቤት የለውም» ብዬ አስረዳኋቸው። «መንገደኛው ጠጥቶ ያልፋል፣ የመንደሩ ሰው ይቀዳል፣ ከብቱም ይጠጣል። ይህም ንድፍ እንደዚያ ነው። ጠጡ፤ ከቻላችሁ ደግሞ ጨምሩበት።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከብት የሚጠጣበትንማ እንዳንጠጣ ነው የጤናዋ ሠራተኛ የምታስተምረን። ክፍት ምንጭ ያሳምማል። የጎለበተው ነው ደኅናው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። በእኛም ሀገር ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ተከድኖ ቧንቧ ሲገባለት ጎለበተ ይባላል፤ ሳይከደን የቀረው ክፍት ነው።

«እንግዲያስ እናንተ አጎልብቱት» አልኋት። እየሳቀች ተቀመጠች።

ይህን የምጽፈው ስለዚያች ልጅ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። መንደራቸው ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ሄደው፣ ከመኪናው ወርደው፣ ከዚያ በእግር የሚደርሱበት ነው። ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ እናቷ በገበያ ቀን ስንቅ ታመጣላታለች። አባቷ በጦርነቱ ጊዜ ወጥቶ አልተመለሰም። የመንደሩን ምንጭ አንድ ክረምት የተናደው ገደል ቀበረው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚቀዳው ከታች ካለው ወንዝ ነው፤ መውረጃው ቀላል ነው ይላሉ፣ መውጫው ግን ሰው ይበላል። እናቷ ማኅፀኗ ወርዶ ሐኪሙ ሸክም ከልክሏታል። ስለዚህ የምትቀዳው ከሁለቱ ሴት ልጆቿ አንዷ ናት። ለጊዜው ታናሿ ናት፤ ገና ሕፃን ናት፣ ጀሪካኑ ከወገቧ ይሰፋል።

«እስከ መቼ ነው የተፈቀደልሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«ውሃው እስኪመጣ እሷ ትቅዳ ተብሎ ነው፣ ቲቸር። ካልመጣ እኔ ነኝ የምመለስ። እሷ አልቻለችም።»

ታዲያ ውሃው ሊመጣ ነው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያመጣው አልጠየቅሁም። አንድ መሥሪያ ቤት ቃል ገብቶላቸው ይሆናል አልሁ በልቤ። «አብሽሪ» አልኋት። አብሽሪ በእኛ ሀገር አይዞሽ፣ መልካሙን ተስፋ አድርጊ እንደማለት ነው። ቃሉን ወደደችው። ከዚያ በኋላ አንዱ ተማሪ ሽቦ አቃጥሎ ሲደነግጥ «አብሽር!» ትለዋለች፤ በእሷ አፍ ቃሉ የጎንደር ቃል መሰለ።

የክብሪት ሣጥን የሚያህሉት የሮቦቱ ሞተሮች ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጡ። ዳባት ሲደርሱ መንገድ ተዘጋና፣ ከጁምዓ የማውቃት አንዲት ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ከረሙ። ሚኒባስ መሄድ የጀመረ ዕለት ሄጄ አመጣኋቸው። ስመለስ መኪናችንን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙት። ሁላችንንም አወረዱን። አንደኛው ቦርሳዬን ከፍቶ ሽቦውንና ባትሪውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለተማሪዎቼ ነው፣ ወንድሜ። የሚራመድ መጫወቻ ነው የምንሠራው።»

«ሽቦና ባትሪ ይዘሽ መጫወቻ ትይኛለሽ?»

ሞት እንደቀረበው ሰው በልቤ ሸሃዳዬን አልሁ። ደጋግሜ አልሁ። ከጎኔ ቆመው የነበሩ አሮጊት ናቸው ያተረፉኝ። «ተዋት እንጂ ልጄ! አስተማሪ ናት፣ አታያትም እንዴ? የራሷ ልጅ ቢኖራት ለሰው ልጅ መጫወቻ ስትዞር ትውል ነበር?» አሉት። ሰዎቹ ሳቁ። ቦርሳውን ወረወረልኝ። መኪናው ውስጥ ገብተን አሮጊቷን አመሰገንኋቸው፤ እጃቸውን አራግበው፣ «ደግሞስ እውነቴን እኮ ነው፣ አግቢ» አሉኝ።

ቀሪው አካሉ ነበር። ንድፉ የሚለው አካሉና እግሮቹ ፕላስቲክ በሚያትም ማሽን ይሠሩ ነው። ያ ማሽን እኛ ዘንድ የለም። በእንጨት ሠራነው፤ ከበደና ሞተሮቹ እያቃሰቱ ቆሙ። በቆርቆሮ ሠራነው፤ የልጆቹን እጅ ቆራረጠው። ቀጥሎ የተሰበረ ጀሪካን ሞከርን፤ ፀሐይ የበላው ጀሪካን ግን ገና መጋዝ ሲነካው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። አንድ ሰኞ ልጅቱ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ከእጀታው በታች የቁራ እግር የመሰለ ምልክት በጋለ ብረት ተተኩሶበታል፤ በውሃ ወረፋ ላይ ጀሪካን እንዳይቀያየር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው።

«ይህማ ደኅና ነው» አልኋት። «እንዴት ይቆረጣል?»

«እናቴ ፈቅዳ ነው፣ ቲቸር።»

«ለመቁረጥ?»

«ለክፍት ምንጩ ከሆነ ውሰጂ ብላ።»

ልቤ ተነካ። አንዲት ያልተማረች እናት ለትምህርት ብላ የውሃ ዕቃዋን ሰጠች ብዬ በዚያ ቀን ለእሷ ዱዓ አደረግሁ። ልጅቱ መጋዙን ይዛ ራሷ ቆረጠችው። ምልክቱ ያለበትን ፊት ለሆዱ አደረገችው፤ እጀታው ሥር ያለው ፕላስቲክ ስለሚወፍር ሞተሩን ይሸከማል አለች። ለእግሩ መርገጫ ያረጀ በረባሶ ቆርጠን ለጠፍን።

ሆኖም አልራመድ አለ። አንዱን እግር ሲያነሳ በዚያው በኩል ይወድቃል። ፕሮግራሙን ለውጠን ስንሞክር ከረምን። ወንዶቹ ጭላዳ ብለው ስም አወጡለት። «ጭላዳችን ገብስ መዝረፍ ሳይጀምር ቁርጥማት ያዘው» እያሉ ይሳለቁበታል። እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ አገጯን አስደግፋ ስትመለከተው ቆየችና፣ «ሸክሙን ሳያዛውር እኮ ነው እግሩን የሚያነሳው» አለች።

«እንዴት?»

ተነስታ ጀሪካን እንዳዘለ ሰው ጎንበስ አለች። «ከወንዝ ስንወጣ፣ እግራችንን ከማንሳታችን በፊት ወገባችንን ወደ ቆመው እግር እንጥለዋለን። አለዚያ ውሃው ይጥለናል።» ሁለት እርምጃ ያህል ሄደች፤ ሸክም ሳይኖር ሸክሙን አየሁት።

ፕሮግራሙን በዚያው ልክ ጻፍነው። መጀመሪያ ዘንበል፣ ከዚያ ማንሳት። በማግስቱ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ልጆቹ ሲጮሁ ከጎረቤት ክፍል አስተማሪ መጣብን። ልጅቱ አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ደረሰ» አለች፤ «ቲቸር፣ ደረሰ እኮ።»

ርዕሰ መምህራችን ምርቃት የሚባል ነገር ይወዳሉ። አንዲት ወንበር ብትጠገን መርቀው ነው የሚያስገቧት። በገበያ ቀን የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ይዘው አጥሩ ላይ ቆመው፣ ተማሪዎቻችን የሠሩት ክፍት ምንጭ በመጪው ገበያ ስለሚመረቅ ወላጆች እንድትገኙ እያሉ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አስተላለፉ። እኔም ሰምቻለሁ። ምንም አልመሰለኝም።

በዕለቱ ጠዋት ከልጅቱ መንደር ብዙ ሰው መጣ። ከሌላው ሁሉ ይበልጡ ነበር። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን አዝለዋል፤ ሁለት አህዮችም ጀሪካን ተጭነዋል። ከዚህ ወደ ገበያ የሚሄዱ፣ ዘይት ወይም ጋዝ የሚገዙ መሰለኝ። የመንደሩ ቄስ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ነበሩ። ልጅቱ፣ «አባ፣ መምህርታችን እሳቸው ናቸው» ብላ አሳየቻቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሀገርሽ ወዴት ነው?»

«ወሎ ነው፣ አባ።»

ሻሼን አዩት። «እስላም ነሽ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ያክብርሽ። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም።»

ስለ ዕውቀት የሚነገር ያገሩ አባባል መሰለኝ። «አሜን» አልሁ። እናቲቱም መጣች፤ ቀጭን፣ አረማመዷ እንደሚያማት የሚናገር ሴት ናት። ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታ ነበር፤ እጄ ላይ አድርጋ እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆየች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። ልጇ ኋላዬ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። የምታፍር መሰለኝ።

ጠረጴዛው ግቢው መሐል ቆመ። ጭላዳውን አስቀመጥነው። ሕዝቡ ከበበ። ልጅቱ ማብሪያውን ነካች፤ ማሽኑ ተነሳ፣ ዘንበል አለ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ ረገጠ፣ ሄደ።

«በስመ አብ!» አለች አንዷ ሴት። «ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ እንዴት አውቆ ይሄዳል?»

«ያንቺስ ባል ዓይን እያለው መቼ አውቆ ሄደ?» አለቻት ጓደኛዋ። ሳቁ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ።

አንድ ሽማግሌ በበኩላቸው፣ «ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ጭላዳ ነው ሲሏቸው፣ «ገብሳችንን የሚጨርሰው አነሰንና ደግሞ በእጃችሁ ትሠሩልን ጀመር?» አሉ። እንደገና ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ። በደባርቅ እንደዚያን ዕለት የሳቅሁበት ቀን አላስታውስም።

ሳቁ ሲበርድ እኒያው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ደግ ነው። ልጆቹ ጎብዘዋል። በሉ እንግዲህ ሳይመሽብን ምንጩን አሳዩን።»

«የቱን ምንጭ፣ አባባ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ክፍት ምንጩን ነዋ። ይመረቃል ያልኸውን።»

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለው በጣታቸው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። «ክፍት ምንጭ ማለት ይኸው ነው፣ አባባ። ይህ ነው።»

ሽማግሌው ተጠግተው ማሽኑን አዩት። ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩ። «በየት በኩል ነው የሚፈልቀው?» አሉ።

ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ ሳቁ። ከመንደሩ ሰው ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ጀሪካኖቹን እንደገና ያየኋቸው። ወደ ቄሱ ሄጄ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። ንድፉ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ፣ ማንም እንደሚወስደው፣ «ምንጭ ያልነው በምሳሌ ነው፣ አባ» አልሁ።

«በምሳሌ» አሉ ቄሱ። ጭራቸውን ወደ አንድ እጃቸው አዛወሩት። «ምሳሌ እኛም እናስተምራለን፣ ልጄ። ምሳሌ ግን አይጠጣም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያስታውሱ ሁሉ፣ የሰሙትን ነገሩኝ። በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች በነጻ ለቀቁት ተባልን አሉ። መምህርቷ ከልጆቹ ጋር እያጎለበተችው ነው ተባልን። ሞተር መጣለት ተባልን፤ ውሃውን ሽቅብ የሚስበው ሞተር ነው አልን። አሁን ደግሞ ይመረቃል ተባልን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ሐሰት ፈልጌ አጣሁ። የተባለው ሁሉ ከዚያ ክፍል የወጣ ቃል ነው።

«እኛን ያሳሰበን ክፍት የሚለው ነበር» አሉ። «የጤናዋ ልጅ ክፍት ምንጭ አትጠጡ ብላናለችና። ተማከርን። ግድ የለም፣ ክፍትም ይሁን፣ ብቻ ይምጣ፤ መክደኑን ለእኛ ተዉት አልን። ድንጋዩን ሰብስበናል። አሸዋውንም ሴቶቹ ከወንዝ በጀርባቸው አውጥተዋል።»

በዚህ መሐል እናቲቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ማሽኑን አንስታ፣ ዶሮ ስትገዛ እንደሚደረገው ገለበጠችው። ሆዱ ላይ የቁራ እግር የመሰለው ምልክት ነበር። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ይቺ የኔ ናት» አለች።

ከዚያ መልሳ በእግሮቹ አቆመችው፤ እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ ነበር። ሞተሮቹ አሁንም እየሠሩ ስለነበር ከቆመበት መራመዱን ቀጠለ፤ የጠረጴዛውን ጫፍ አልፎ ወደቀ። የኋላ እግሩ ተሰበረ። ማንም አላነሳውም።

ሰዎቹ ባዶ ጀሪካናቸውን አዝለው ሲወጡ ልጅቱን ወደ ክፍሉ ወሰድኋት። ጥያቄዬን ሳልጠይቃት መልሷን ጀመረች።

«እናቴ ምንጩ መቼ ነው የሚደርስ ስትለኝ እየደረሰ ነው አልኋት። እየደረሰ ነበር እኮ፣ ቲቸር።»

«ምን ማለቷ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አይደለም ብላት ያን ጊዜውኑ ትወስደኝ ነበር» አለች። «ሲራመድ ካዩት ይገባቸዋል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሲራመድ ካዩት…» አልጨረሰችውም። «ውሸት ነው እንዴ፣ ቲቸር? በእናንተስ ሃይማኖት ይህ ውሸት ይባላል?»

አብሽሪ ማለት ፈለግሁ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ሆኖ አልወጣ አለ።

እናቲቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እጇን ይዤ ለመንኋት። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ቀርቧል፣ እስከዚያ እንኳ ትቆይ፣ እኔ ዘንድ ትኑር፣ ምግቧም ከኔ ይሁን አልኋት።

«እትዬ መምህር፣ እርስዎን አላማሁም» አለችኝ። «ልጄ ብትማር የምጠላ መሰለዎት? ታናሿ ደም እየሸናች ነው። እኔ አይደለሁም የምወስዳት። ውሃው ነው።» ለልጇ ደግሞ፣ «በይ፣ ዕቃሽን አንሺ» አለቻት። ቃሏ እንኳ አልከረረም።

ዕቃዋ ብርድ ልብስና ጥቂት ደብተር ነበር። ስትሄድ የሽቦ መቁረጫውን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ረስታው ኪሷ ገብቶ ነበር።

በሳምንቱ ቀለም ፈልጌ በሩን ቀባሁት። ክበቡ ለጊዜው በዚያው ቀረ። ርዕሰ መምህሩ እግሩ ተጠግኖ ለሌላ ጊዜ እንዲታይ ፈለጉ፤ ወንዶቹ ሞክረውት ነበር፣ ሆኖም ያንን የሚያክል ደኅና ጀሪካን ማንም አላመጣም። እኔም አምጡ አላልሁም። ስለ ምንጩ ርዕሰ መምህሩ ወደሚመለከታቸው ሄደው ተናግረዋል፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ይታያል ተብለዋል።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ጠንከር ሲል ወደ መንደሯ ሄድሁ። አዲስ ቢጫ ጀሪካንና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ይዤ ነበር። ከመኪናው ወርጄ ባዶ ጀሪካን አዝዬ ስሄድ የገጠሙኝ ሴቶች፣ «አይ ጊዜ! ውሃው ለከተማም ጠፋ?» አሉኝ። መንደሩ መግቢያ ላይ ድንጋዩን አየሁት። በወጉ ተፈልጦ፣ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ተለይቶ ተከምሯል። ከጎኑ አሸዋ አለ፤ ዝናቡ አጥቦ አሳንሶታል። ልጆች ይጫወቱበታል።

እናቲቱ በደስታ ተቀበለችኝ። የተቀቀለ ድንች ከጨውና ከበርበሬ ጋር አቀረበችልኝ፤ በቢላ ያልተነካ ነው፣ አይፍሩ አለችኝ። ክርስቲያን ስላረደው ሥጋ ያሰብሁ መስሏት ነው። ታናሿ ልጅ ምድጃ ዳር ተኝታለች። ጀሪካኑን ለእናቲቱ ስሰጣት ገለባብጣ አየችው፤ ከዚያ ማጭድ እሳት ውስጥ ከተተች። ስለ መንገዱ እየጠየቀችኝ ማጭዱ ሲግል አውጥታ ከእጀታው ሥር ተኮሰችው። የቁራ እግር። የፕላስቲኩ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ልጅቱ ከወንዝ ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ዘንበል፣ ከዚያ ማንሳት። ዘንበል፣ ከዚያ ማንሳት። ስታየኝ አልሮጠችም፤ መሮጥ አትችልም። ሸክሟን አውርዳ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኋት።

«ጭላዳው ይራመዳል?» አለችኝ።

«አልተጠገነም።»

«በሩ ላይ ያለው ጽሑፍስ?»

«አጠፋሁት።»

«ደግ አደረጉ» አለች። «ሰው እንዳይጠብቅ።» መጽሐፉን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ፣ ከእናቷ የጸሎት መቁጠሪያ አጠገብ አስቀመጠችው። አልከፈተችውም።

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት ደረሰ። ጥላውን ሳይ እናቲቱ አወቀችብኝ። «መምህርቷ ትታጠባለች፣ ውሃ ስጫት» አለቻት ልጇን።

«አያስፈልግም፣ ግድ የለም» አልሁ። «ውሃ ለሌለው ሰው አፈርም ተፈቅዷል።»

«ውሃ የለም አሉ?» አለች እናቲቱ። ተቀይማ ነበር። «ይኸው እኮ።»

እውነቷን ነው። አፈሩ የተፈቀደው ውሃ ላጣ ሰው ነው። ውሃው ግን እዚያ ነበር፣ ከፊቴ፣ በልጅቱ ጀርባ ከገደል የወጣው፤ ገና ጀሪካኑ ውስጥ ይወዛወዛል። እንቢ ብል እነሱን ማዋረድ ነው፤ እሺ ብል ደግሞ የምታጠበው በልጅቱ ወገብ ነው። ከደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና መዳፌን ዘረጋሁ። ልጅቱ ጣሳውን ይዛ እንደ ክር አቅጥና አፈሰሰችልኝ። አባቴ ካስተማረኝ እፍኝ ያነሰ ነበር።

እናቲቱ ሳህን ይዛ መጥታ ከእጄ ሥር አደረገችው። ፊቴን ስታጠብ ሳህኑን አስጠጋችው፤ እግሬን ስታጠብ እግሬ ሥር አዞረችው።

«ጥጃዋ ትጠጣዋለች» አለችኝ።

አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም።